ደወል ያቆመው ዘፈን

በሆቴሉ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ የሚከፈተው ሠራተኛው እንዳይሰለች ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሚከፈተው የማድረቂያው ማሽን ጩኸት ሰው እንዳያሳብድ ነው። ሬዲዮው ከአንሶላ መደርደሪያው በላይ በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የድምፅ ማዞሪያው ተነቅሎ ስለጠፋ የሚቀንሰውም የሚጨምረውም የለም። ያ ዘፈን በመጣ ቁጥር ታዲያ፣ አጣጣፊዋ ትራስ ልብሱን ትጥልና ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሣለች።

«ዝም በሉ! ዝም በሉ! ልትደርስ ነው!»

የምትደርሰው ዝምታዋ ናት። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዘፋኟ «ክሩ ቢበጠስም» ትልና ቀጥ ትላለች። ከበሮው ቀጥ፣ ጊታሩ ቀጥ። ሰሚው ሁሉ ምራቁን ከዋጠ በኋላ «እቀጥለዋለሁ» ብላ፣ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሁሉ ቀስ ብላ ትመለሳለች። በዚህች ዝምታ ያላለቀሰ የለም። ታክሲ ውስጥ ተለቅሶባታል፣ ሠርግ ላይ ተለቅሶባታል፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ ጉንጫቸውን ይዘው አልቅሰውባታል።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥም አጣቢዎቹ እርጥብ እጃቸውን አየር ላይ ሰቅለው ይቆማሉ። አንዲት ሴት ብቻ አትቆምም። ጥግ ላይ የእንፋሎት ካውያውን የያዘችው ተኳሿ፣ ልክ በዝምታዋ መሐል፣ «ጭስስስ!» ታደርገዋለች።

«አንቺ እንፋሎት! ምናለ አሁን ለአንዲት አፍታ ብታቆሚው? አበላሸሽብን እኮ!»

«አንሶላው ይቃጠላላ!»

«ይቃጠል! ሰው እየተቃጠለ አይደል እንዴ እዚህ!»

እንፋሎት ቅጽል ስሟ ነው። ያወጡላት በካውያው ምክንያት ነው ቢሉም፣ ስትናደድ በአፍንጫዋ የምታወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ምክንያት እንዳላቸው ይገባዋል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ የእሷ ነው። ግጥሙም ዜማውም የእሷ ነው፤ ቀድማ በካሴት የዘፈነችውም እሷው ናት። ያችኛዋ፣ በየመንገዱ ፎቶዋ የተሰቀለው ወጣት ዘፋኝ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንሥታ በአዲስ ሙዚቃ አሠርታ ዘፈነችው እንጂ ከየትም አላመጣችውም።

ደግሞ ሁሉም ያውቃሉ። ተደብቆ አይደለም።

«ያንቺንም አስፈልጌ ሰማሁት» አለቻት አጣጣፊዋ አንድ ቀን፣ ሐዘን ልትደርስ የመጣች በሚመስል ድምፅ። «አይከፋም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የልጅቷ ይበልጣል። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም።»

«ድምፅሽ ደግሞ ቀጠን ያለ ነበር።»

«ነበር።»

«በዚያ ላይ ይንኮሻኮሻል።»

«ካሴት ነዋ! ምን ልታደርጊው ነው?»

እዚህ ላይ ለተኳሿ ሰው እንዲያዝንላት አይፈለግም። የልጅቷ ድምፅ ከእሷ እንደሚበልጥ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ማር ነው፣ አንዳንዴም ብቻዋን ስትሆን ከሬዲዮው ጋር አብራ ታንጎራጉራለች። ይበልጣል መባሉ አልቆረቆራትም። የቆረቆራት ነገር አንድ ነው፤ እዚያ ላይ መቆም የለበትም። ዘፈኑ ውስጥ ዝምታ የለም። ዝምታውን ያስገባው ደወል ነው።

ተኳሿ ወጣት ሳለች የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ፋብሪካው የሙዚቃ ቡድን ነበረው፤ እንደ ማንኛውም ፋብሪካ ለሠራተኛው ጓንት መግዛት ሲያቅተው ከበሮ ይገዛል። እሷ ስትዘፍን፣ የመጋዘኑ ዕቃ ተሸካሚ ከበሮ ይመታል፣ የመብራት ሠራተኛው ጊታር ይጫወታል። ዘፈኑን የሠራችው ማሽኑ ሥር ቆማ ነው።

ክሩ ቢበጠስም እቀጥለዋለሁ፣
ዞር ብለህ ሳታይ እኔ እደርሳለሁ።

የፍቅር ዘፈን ነው፤ ቃሉ ግን የሥራ ቃል ነው። ክር ሲበጠስ ማሽን አይቆምም። ፈታይዋ እንዝርቱ እየበረረ ሁለቱን ጫፍ ይዛ፣ በጣቷ ጠቅ አድርጋ፣ ማንም ሳያውቅ ትቀጥለዋለች። ጎበዝ የምትባለው ክር የማይበጠስባት ሴት አይደለችም፤ እንዲህ ያለች ሴት አልተፈጠረችም። ጎበዝ የምትባለው ክሩ መበጠሱ የማይታወቅባት ናት። እንግዲህ ተኳሿ ለወደደችው ሰው ያለችው ይህንን ነው፤ ቢበጠስም አታውቀውም፣ ሳታይ ቀጥዬዋለሁ። እና ልክ በዚህ ቃል መሐል ቆሞ ማልቀስ፣ ማሽን አቁሞ ክር ላይ ሙሾ ማውረድ አይደለም ወይ?

ታዲያ ለምን ቆመች? ቀረጻው የተደረገው በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያደገ ሰው ደወል ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ደወል ሲደወል የያዝከውን ትለቃለህ። የሚሄድ ይቆማል፣ የሚናገር ቃሉን ከአፉ ይመልሳል፣ የሚያኝከውም ለአፍታ ይገታል። ሰው እስኪያስብ አይጠብቅም፤ ጉልበቱ ቀድሞ ይሰማል። «ክሩ ቢበጠስም» ባለች ቅጽበት የፈረቃ ደወል ከውጭ ጮኸ። እሷ ቀጥ። ከበሮ መቺው ቀጥ። ጊታሩም ቀጥ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ከዚያ ከበሮ መቺው አያትና ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ «እቀጥለዋለሁ» ብላ ገባች። እንድገመው እንዳይሉ ተረኞቹ ሰሐናቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ቀራጩ የደወሉና የሳቁ ድምፅ እንዳይሰማ እዚያች ላይ ቀነስ አደረገው። ቀዳዳው ግን ቀረ።

ያ ቀዳዳ ነው ዛሬ ጥበብ የተባለው። አንድ የሙዚቃ ሃያሲ በሬዲዮ ቀርቦ፣ «ይህ ዝምታ የተበጠሰው ክር ራሱ ነው፤ ዘፋኟ አትነግረንም፣ ታሳየናለች» ብሏል። በዕድሜው ቁልፍ እንኳ ተክሎ የማያውቅ ሁሉ ስለ ክር መበጠስ ሲያነባ መስማት እንዴት እንደሚያቃጥል የተቃጠለ ያውቃል። ያንን ደወል ያስደውል የነበረው የፋብሪካው አለቃ እንኳ ሳይቀር፣ በሕይወት ካለ፣ ያለቅስ ይሆናል።

ቤት ብትገባም ዕረፍት የለም። ያ ከበሮ መቺ ዛሬ ባሏ ነው፣ የታክሲ ሾፌር ሆኗል፤ ታክሲው ውስጥም የሚያጫውተው የልጅቷን ነው።

«ተሳፋሪ ይወደዋላ!» ይላታል።

«አንተስ?»

«እኔማ…» ይልና መስታወቱን ይወለውላል።

አንድ ቀን አፋጠጠችው። «ለምን አትነግራቸውም? ነበርክ እኮ! ደወል ነው በላቸው!»

«ምን ብዬ? ሰው ደስ ብሎት እያለቀሰ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ለኔ ስሕተት አይደለችም። ያኔ ዞር ስትዪ፣ ስትስቂ… እዚያች ላይ እኮ ነው ያገባሁሽ።»

«ጉድ ነው! ሌላው ማዘጋጃ ቤት ያገባል፣ አንተ ደወል ላይ ታገባለህ!»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥሪ ያመጣው አንድ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ነው። ጥሩ ሽቶ የተቀባ፣ «እሺ» ማለት የሚያበዛ ወጣት ነው። የዱሮ ዘፋኞችን ከዘመኑ ዘፋኞች ጋር መድረክ ላይ የሚያገናኝ ዝግጅት አለው። ምድር ቤት ድረስ ወርዶ፣ በእንፋሎቱ መነጽሩ ጉም ለብሶ፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ለማድረቂያው ማሽን ሰላምታ ሰጠ።

«እዚህ ነኝ» አለችው ተኳሿ።

«እናታችን! ይህን ዘፈን ከልጅቷ ጋር እንዲዘፍኑልን ነው የመጣሁት። ሕዝቡ ሊያይዎት ይፈልጋል።»

«እዘፍናለሁ። ግን ሳላቆም ነው የምዘፍነው።»

«እንዴታ! እርስዎ የዘፈኑ ባለቤት አይደሉ! እንደፈለጉ!»

አንዳንድ ሰው «እንደፈለጉ» ሲል እንዳልሰማ ማወቅ ይገባል። ተኳሿ ግን ደስ አላት። በሕይወቷ የፈለገችው ነገር ሌላ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዘፈኑን እንደሠራችው ከጫፍ ጫፍ ሳታቆም ዘፍና መሰማት። ይበልጣል አይበልጥም ከዚያ በኋላ የራሳቸው ጉዳይ ነው። አጣጣፊዋ ቀሚሷን በነፃ ካልተኮስኩልሽ ብላ ተጣላቻት፤ ሰጠቻት፣ እጥፋቱ ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ተኳሿ ደግማ ተኮሰችው።

ልምምድ ላይ እንደተፈራው ሆነ። ሙዚቀኞቹ «ቢበጠስም» ላይ ቆሙ፤ እሷ አለፈች።

«እናቴ፣ አለፉት» አላት የባንዱ መሪ።

«ምኑን?»

«ዝምታውን።»

«ዝምታ የለውም።»

«አለው እኮ! እናቴ፣ ሙዚቃው ላይ ተጽፏል!»

እሷም ተቀምጣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ሰሐኑ፣ ስለ ሳቁ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። አለቀ፣ ገባቸው ብላ ስታበቃ አዘጋጁ እጁን አጨበጨበ።

«ደወል! እንዴት ያምራል! በዝምታው መሐል ደወል እናስደውል!»

«ደወል ከገባ እኔ አልገባም።»

«እሺ፣ እሺ፣ ደወሉ ይቅር።»

ወጣቷ ዘፋኝ ያን ሁሉ ጊዜ ጥግ ላይ ጥፍሯን እየነከሰች ነበር። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለ። ሙዚቀኞቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ካሴቱን ከእናቴ ሣጥን ነው ያገኘሁት» አለቻት። «ልጅ ሆኜ እዚያች ላይ ሁሌ አለቅስ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«የሞተብዎት ሰው ትዝ ብሎዎት ያቆሙ መስሎኝ ነዋ!»

«ማንም አልሞተም ልጄ። ፈረቃ ተቀይሮ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ቀላ። «እባክዎን ለጋዜጠኞች እንዳይነግሩ» አለቻት። «እኔ በየቃለ መጠይቁ ስለ አያቴ ሞት ነው ያወራሁት።»

«አያትሽ ሞተዋል?»

«ኧረ አሉ፣ ደህና ናቸው።»

የዝግጅቱ ዕለት ሾፌሩ ራሱ በታክሲው ወሰዳት። መብራት ላይ ሲቆሙ መሪውን በጣቱ እየመታ፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት። «ለኔ ስትዪ፣ ዛሬ አንዴ ብቻ ቁሚ።»

«አንተ ደወል ነህ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ሄዱ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያውን ግጥም ዘፈነች፣ ሰው አበደ። ተራው የተኳሿ ሆነ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ክሩ ቢበጠስም» ስትል ሰዉ ሁሉ ዐይኑን ጨፈነ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ለልቅሶ ተመቻቸ። ከበሮው ቆመ። ጊታሩ ቆመ። የተኳሿ ቀጭን ድምፅ ግን፣ ምንም ሳይደግፈው፣ «እቀጥለዋለሁ» ብሎ ብቻውን አዳራሹን ተሻገረ። ሙዚቀኞቹ ደንግጠው ከኋላዋ እየተንደረደሩ ደረሱባት። የጨፈኑት ዐይኖች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ቦርሳው ውስጥ እጁን ከትቶ የሚጨብጠውን እንዳጣ ሰው ተያዩ።

«አይዞሽ እናቴ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ከልቡ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የመድረክ መሪው ሊሸፍንላት ተሽቀዳደመ። «እናታችን በደስታ ብዛት ዝምታዋን ዘለሏት! እናጨብጭብላቸው!»

ተኳሿ ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደች። «አልዘለልኩም። እንዲህ ነው ዘፈኑ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ማንም የተናገረችውን ሰምቶ አይደለም፤ ሰው አሮጊት ደፍራ ስትናገር ማጨብጨብ ስለሚወድ ነው። ሾፌሩ ብቻ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

«አላቆምሽም» አላት ሲመለሱ፣ ታክሲው ውስጥ።

«አላቆምኩም።»

«ድምፅሽ እኮ፣ ብቻውን ሲቀር…» አለና ማርሽ ቀየረ። ለእሷ ይህም በቃት።

ዝግጅቱ በቴሌቪዥን የቀረበው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። አጣጣፊዋ መጣች፣ ጎረቤቶች መጡ፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጇም ሥራዋን ጥላ መጣች። ሶፋው አልበቃ ብሎ አልጋው ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ተኳሿ ብቻ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ልጅቷ ታየች። ቀጥሎ ተኳሿ፣ ቀሚሷ አምሮባት። «አቤት አቤት!» አሉ። «ክሩ ቢበጠስም» አለች በቴሌቪዥን ውስጥ። እና ቆመች።

ካሜራው ከፊቷ ላይ ሄደ። የልጅቷ የተጨፈኑ ዐይኖች ታዩ፣ ቀጥሎ የመድረኩ መብራት፣ ቀጥሎ ዐይኗን በመሐረብ የምትጠርግ አንዲት ሴት፣ የት ቦታ በምን ጉዳይ ስታለቅስ እንደተቀረጸች እግዜር ይወቅላት። ረጅም፣ የሚያምር፣ የተወለወለ ዝምታ። ከዚያ ነው የተኳሿ ድምፅ «እቀጥለዋለሁ» ብሎ የመጣው። «አልዘለልኩም» ያለችውም የለ፣ የመድረክ መሪውም ሽፋን የለ። ሁሉም ንጹሕ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

«እንፋሎት! እንዴት አድርገሽ አቆምሻት!» አለች አጣጣፊዋ እንባዋን እየጠረገች። «ከልጅቷ እኩል!»

«አላቆምኩም» አለች ተኳሿ።

«ኧረ ተይ፣ አይተን!»

«አላቆምኩም እላችኋለሁ! ቆርጠው ነው! ደውዪለት ለዚያ ሰውዬ!» አለቻት ልጇን።

ልጇ ደወለች፣ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። አዘጋጁ ገና ሳይጠየቅ፣ «እናታችን! አዩት? ያቺን ትንሽ ስሕተት አርመንልዎታል! ኧረ ምስጋና አያስፈልግም!» አለና ዘጋው።

«ይኸው» አለች አጣጣፊዋ በደስታ፣ «ስሕተት ነበር፣ ታረመ። ምን አናደደሽ?»

«እማዬ፣ ተይው በቃ» አለች ልጇ። «ደስ ብሏቸው የለ?»

ተኳሿ በአፍንጫዋ የታወቀውን ድምፅ አወጣች። ወደ ባሏ ዞረች። ሾፌሩ ያን ሁሉ ጊዜ የሚወዳትን ዝምታ ሲያይ ነበር፣ በገዛ ሚስቱ አፍ ተሠርታ፣ አምራ፣ ያለ ሳቅ። ሰው ሁሉ እሱን አየ።

«አልቆመችም» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ነበርኩ። ሰምቻታለሁ።»

«አይ ሾፌር!» ሳቁበት። «ሚስትህን ከቴሌቪዥን ታስበልጣለህ!»

ያኔ ተኳሿ ቴሌቪዥኑን ጠርቅማ ዘጋችው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ ወደ ጎን ገፋች። «ምታ» አለችው ባሏን። ሾፌሩ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን መታ። ዘፈነች። እንግዶቹ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ የት እንደሚያዩ ግራ ገባቸው። ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲዘፍንበት መቀመጫው ይቆረቁረዋል። ያች ቃል ስትደርስ አጣጣፊዋ ልማድ ሆኖባት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ተኳሿ አለፈቻት። የአጣጣፊዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ክሩ ተቀጠለ፣ ማንም ሳያይ፣ ዘፈኑ እስከ ጫፉ ሄደ።

«እ?» አለች ተኳሿ እያለከለከች። «ሰማችሁ?»

«ሰማን» አለች አጣጣፊዋ። እጇን ቀስ ብላ አወረደች። «ቆንጆ ነው። ግን ቅር አይበልሽና፣ ያኛው ይበልጣል።»

«የልጅቷ?»

«ኧረ ያንቺው! አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ የዘፈንሽው!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተኳሿ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ዐይኗ ባሏ ላይ ደረሰ።

«እኔን አትዪኝ» አለ ሾፌሩ የቀላ መዳፉን እያሻሸ፣ «እኔ አላቆምኩም።»

አየችው። እሷም ሳቅ አመለጣት፣ እሱም ሳቀ፤ ሌላው ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ጎረቤቶቹ ይህ ሳቅ የመሄጃ ምልክት መስሏቸው ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ።

«በሩን ዝጊው» አለቻት ልጇን ተኳሿ። «ማንም አይወጣም። ከመጀመሪያው እንለዋለን።»